ቆሻሻ መስሎን ያነሣነው

ካትማንዱ፣ ኦክቶበር 30

ለእናቴ ለወይዘሮ ሺጌኖ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የሂሮሳኪ ፖም ውርጭ ሳይቀድመው ተለቅሞ እንዳለቀ ተስፋ አደርጋለሁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጆሮዎ ስልክ አልሰማም ካለ ወዲህ ወረቀት ለምጄ፣ ለእርስዎ ሳልጽፍ የሰነበትኩ እንደሆነ አፌ የተለጎመ ይመስለኛል።

ለጥያቄዎችዎ መልስ፦ ጽንሱ ደህና ነው ይላሉ። ኩኒሂኮ ዋሻ ከሚቆፍሩበት ተራራ የሚወርደው በወር አንዴ ነው። ሲመጣ ጢሙ አድጎ፣ አቧራ ለብሶ ስለሚሆን የገዛ ባሌን በር ላይ «ማንን ፈልገው ነው?» ልለው ምንም አይቀረኝ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው የመሰለዎት ደግሞ ቀኝ አውራ ጣቴን እሾህ ወግቶኝ ነው።

እዚህ ያለን ጃፓኖች በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ተሰብስበን መሀል ከተማ ያለውን መናፈሻ ማጽዳት ጀምረናል። ሐሳቡን ያመጡት አቶ ኦኖዴራ ናቸው፤ የዕድሜያቸውን ግማሽ እዚህ የኖሩ፣ የኑድል ምግብ ቤት ያላቸው ሽማግሌ። «የሰው አገር ውሃ እየጠጣን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ ነውር ነው» ብለው አስነሡን። አስተማሪ፣ የኩባንያ ሰው፣ ሚስትና ልጅ፣ ሁላችንም አረንጓዴ ሽርጥ አድርገን መጥረጊያና ጆንያ ይዘን ስንገባ ሕዝቡ መንገዱን ትቶ ያየናል። በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ቺኒማያ የመጀመሪያው ቀን ወገቧን ይዛ ቆማ፣ «ምነው እናንተ ጃፓኖች፣ አገራችሁ ቆሻሻ አለቀባችሁ?» ብላ አሳቀችብን። አቶ ኦኖዴራ ጎንበስ ብለው «አዎ እመቤቴ፣ ትንሽ ብታበድሩን ብለን ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ወዳጃችን ሆናለች።

የወጋኝ ጽጌረዳው መደብ አጠገብ ስሠራ ነው። እሾህ ነው፤ አይጨነቁ።

በአክብሮት፣ ምራትዎ ናጊሳ


ሂሮሳኪ፣ ኖቬምበር 12

ልጄ ናጊሳ፣

ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ።

አምሳ ዓመት ከዛፍ ጋር ኖሬአለሁ። እሾህ ወግቶኛል፣ ሽቦ ቧጥጦኛል፣ የመግረዣ መቀስ ጣቴን ሊቆርጠው ምንም ያልቀረው ጊዜ አለ። ጽጌረዳ ወግቶት እስካሁን ጽሕፈቱ የተበላሸ ሰው ግን አላየሁም። የሚንቀጠቀጠው ጣትሽ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።

ልጄም ይጽፍልኛል፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። «ናጊሳ የበላችው አይረጋላትም። ጧትና ማታ ክኒን ትውጣለች፤ ቫይታሚን ነው አለችኝ» ይላል። እሱ ተራራ ይብሳ እንጂ የሴት ነገር ምን ያውቃል? እኔ ግን ሦስት ወልጃለሁ። ቫይታሚን ሰው አያስመልስም። «ጽንሱ ደህና ነው ይላሉ» ብለሽ ጽፈሻል። ይላሉ? የሚሉት እነማን ናቸው? ደህና ከሆነስ ማን ጠየቃቸው?

ለባልሽ የማይነገር ከሆነ ለኔ ንገሪኝ። አማትሽ ነኝ፤ ክፉ ወሬ መስማት ሥራዬ ነው።

ስለኔ ጠይቀሻል። ደህና ነኝ። ፖሙን ዘንድሮ ጎረቤቶች ለቀሙልኝ። ለምን አትበይኝ።

ሺጌኖ


ካትማንዱ፣ ኖቬምበር 24

እናቴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ መልሼ አወጣሁት። እንግዲህ ሰላምታው ለኔም ይቆየኝ።

እሾህ አይደለም፤ መርፌ ነው።

ከጽጌረዳው መደብ ጀርባ፣ ቁጥቋጦ ሥር የተወሸቀ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ አገኘሁ። ጨርቅና ጋዜጣ ታጭቆበታል። ጓንት አድርጌአለሁ። አቅፌ ሳነሣው አንድ ነገር ጓንቱን አልፎ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ስፈታው ሲሪንጅ ነው፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቆበታል። መናፈሻው ውስጥ የሚያድሩ፣ በሱስ የተያዙ፣ ክንዳቸውን የሚወጉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጆንያውን የቆሻሻ መኪናው ላይ ጣልኩትና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቺኒማያ ሻይዋን ትታ ሮጣ መጣች። ጣቴን በሳሙና እያጠበች «ጩኺ እንጂ! ምን እንደ ድንጋይ ዝም ትያለሽ?» አለችኝ። አቶ ኦኖዴራ በታክሲ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ዶክተር ሻራዳ የምትባል ሐኪም በዚያው ቀን ክኒን አስጀመረችኝ፤ የኤድስ ቫይረስ ገብቶ ቢሆን እንኳ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል ነው። ለጽንሱ አይከፋም አለች። ሲያስመልሰኝ የነበረው እሱ ነው፤ አሁን ጨርሼዋለሁ። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ነኝ ይላል፤ ግን ቫይረሱ ቶሎ ስለማይታይ እሱን ማመን አይቻልም። የሚታመነው ጃንዋሪ ላይ የሚደረገው ነው። እስከዚያ መጠበቅ ነው። ጧት ስነሣ መጠበቅ፣ ሆዴን ስነካ መጠበቅ።

ማኅበራችን ውስጥ ጠብ ገብቷል። ወይዘሮ ሺራኢሺ፣ ባሏ ትልቅ ኃላፊ የሆነች ሴት፣ ቤቴ ድረስ ብርቱካን ይዛ መጣች። «ነገሩ ከወጣ ኩባንያዎቹ ሁላችንንም ከቤት አትውጡ ይሉናል። ዝም ብትዪ ለሁሉም ይበጃል» አለችኝ። ይህን የምትለኝ ብርቱካኑን እየላጠች ስታቀርብልኝ ነው። አቶ ኦኖዴራ በበኩላቸው ምግብ ቤታቸውን ዘግተው መጥተው፣ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፍተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደባሰብኝ አላውቅም።

ለኩኒሂኮ አልነገርኩትም። ሲወርድ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብዬ ለብቻዬ እተኛለሁ። በድማሚት በተሰነጠቀ ድንጋይ ሥር የሚውል ሰው ነው። ሐሳቡ ቤት ቀርቶ እግሩ ዋሻ ቢገባ ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እናት ከልጇ እንድትደብቅልኝ መለመኔ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ይደብቁልኝ።

እርስዎስ ለምን አትበይኝ ብለውኝ ነበር። ፖሙን ለምን ሌላ ሰው ለቀመልዎ?

ናጊሳ


ሂሮሳኪ፣ ዲሴምበር 5

ናጊሳ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሆስፒታል ነው። ይኸው ነገርኩሽ። ሴፕቴምበር ላይ ከመሰላል ወድቄ ዳሌዬ ተሰብሯል። እሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ እሱ ሩቅ ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ተውኩት። አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው። ሁለታችንም ውሸታሞች ነን፤ እንግዲህ ገና አሁን ተዋወቅን።

መጀመሪያ ተናደድኩ። «የሰው አገር ቆሻሻ ማንሣት ምን አባቷ አገባት!» ብዬ ስጮህ ነርሷ ሮጣ መጣች። ከዚያ አለቀስኩ፤ ነርሷም ዳሌዬን ያመመኝ መስሏት ማስታገሻ ሰጠችኝ። ዋጥኩት። ምን ልበላት?

ለልጄ አልነግረውም፤ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፣ እሱም አዲሱ ዓመት ሳይገባ። ባልሽን ከሐዘን ልታድኚው አትችዪም። ከመሞኘት ግን ታድኚዋለሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሟቹ ባለቤቴን ወጣት ሳለ ውሻ ነከሰው። ውሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲያለቅስ አማቴ ግን ቤት አልተቀመጡም፤ ውሻውን ሊፈልጉ ወጡ። «ጤነኛ ከሆነ ለምን እናለቅሳለን? ካበደም ቁርጡን እንወቅ» አሉ። መርፌ ከሰማይ አይወርድም፤ ባለቤት አለው። አልቅሰሽ ስትጨርሺ ተነሺና ፈልጊው።

ለጽንሱ የሚታጠቁትን የሆድ መቀነት ልኬልሻለሁ። ሐኪም ቤት የምታስታምመኝ የእህቴ ልጅ ናት የገዛችው፤ ቀለሙን ባትወጂው እሷን ውቀሺ።

ሺጌኖ


ካትማንዱ፣ ዲሴምበር 18

እናቴ፣

ዳሌዎ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ስለ ራሳችን ስንጽፍ እርስዎ አልጋ ላይ ሆነው ነው ያነበቡት። አፈርኩ። መቀነቱ ደርሶኛል፤ ቀለሙ መልካም ነው።

ለኩኒሂኮ ነገርኩት። «ለእናቴ ነግረሽ ለኔ?» አለ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ሩዝ ማጠብ ጀመረ። ውሃው ጠርቶ ሳለ እንደገና ያጥባል፣ እንደገና ያጥባል። በመጨረሻ ጀርባውን እንደሰጠኝ «ጃፓን እንሂድ» አለ። መልሱ ያለው እዚህ ነው፣ አልሄድም አልኩት።

ሰውየውን አገኘሁት። ያገናኘችኝ ቺኒማያ ናት፤ እዚያ መናፈሻ ውስጥ ማን የት እንደሚተኛ እሷ ታውቃለች። ሩድራ ይባላል። ዕድሜው ከኔ አይበልጥም። ዱሮ ለተራራ ወጪዎች ምግብ ያበስል ነበር አሉ። ውሃ የማይወርድበት ፏፏቴ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ሽርጤን አየና፣

«ጆንያዬን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ብርድ ልብሴ እዚያ ውስጥ ነበር። የእናቴ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሞታለች፣ ሌላ ፎቶ የላትም። ውሃ ልጠጣ ሄጄ ስመለስ ቤቴ የለም። የት ገባ ብዬ ስጠይቅ ‹ጃፓኖች አጸዱት› አሉኝ።»

እናቴ፣ ያን ጆንያ ስሸከም ቆሻሻ እንጂ ቤት አልመሰለኝም። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት፤ ደሙን እንዲመረመርልኝ ለመንኩት። ሳቀብኝ።

«ቤቴን ለቆሻሻ መኪና ሰጠሽ። አሁን ደግሞ ደምህን አምጣ ትያለሽ። ነገስ? ቆዳዬን ነው?»

ቺኒማያ ተቆጣችው። «አንተ! ነፍሰ ጡር እኮ ናት!»

«እኔም ሰው እኮ ነኝ። እሱንስ ማን ይነግርልኛል?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ከአቶ ኦኖዴራ ጋር የቆሻሻ መኪኖች የሚያራግፉበት ወንዝ ዳር ሄደን ስንቆፍር ዋልን። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ጉልበታቸው ገብተው። ምንም አላገኘንም።

ኩኒሂኮ ይህን ሲሰማ ለመናፈሻው ዘበኛ ሄዶ ነገረው። ዘበኛውም «ጌታዬ፣ እሱን ለኔ ይተዉት። ሁለት ዱላ ሲቀምስ እንኳን ደሙን መቅኔውን ይሰጣል» አለው። ባሌ እሺም እምቢም ሳይል ዝም አለ። በሁለተኛው ቀን ዘበኛው አስጠርቶን፣ ሩድራን አንገቱን ጨምድዶ ክሊኒኩ በር ላይ አመጣው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። የለመንኩት ደም ይኸው፣ አገጩ ላይ ይወርዳል።

«ልቀቀው» አልኩት ዘበኛውን።

«ናጊሳ!» አለኝ ኩኒሂኮ። «ተለምኖ እምቢ ያለ ሰው እኮ ነው! ልጃችንስ?»

«ልቀቀው አልኩ።»

ለቀቀው። ሩድራ መኪና መሀል እየሮጠ ተሻገረና ከዓይናችን ጠፋ። ኩኒሂኮ ሳያናግረኝ ወደ ተራራው ተመለሰ። እኔም በር ላይ ሆዴን ይዤ ቀረሁ።

ልክ ሠራሁ ወይስ ተሳሳትኩ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ናጊሳ


ሂሮሳኪ፣ ጃንዋሪ 6

ናጊሳ፣

አዲሱን ዓመት በክራንች ተቀበልኩት። የበዓሉን የሚጣበቅ የሩዝ ቂጣ እንዳያንቀኝ ብለው እንደ ሕፃን ቆራርጠው ሰጡኝ፤ ከዳሌው ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

ካርድሽ ደረሰኝ። ፊቱ ላይ የበረዶ ተራራ፣ ጀርባው ላይ «መጣ። በገዛ እግሩ መጣ። ደሙን ሰጠ» ይላል። ከዚያስ? ካርዱን ገለባብጬ ጠርዙን ሳይቀር አየሁት። ውጤቱ የት አለ? ልጄ፣ እንዲህ ያለ ካርድ ለጠላት እንኳ አይላክም። ደግ ቢሆን ኖሮ ትጽፊው ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቦታ አንሷት ይሆናል እላለሁ። ግማሹ ካርድ ባዶ ነው እኮ!

ልክ ነኝ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ሳነብ «ሞኝ!» አልኩሽ። እኔ ብሆን አስይዤ አስቀዳው ነበር ብዬ ማልኩ። ቆይቶ የልጄ ደብዳቤ መጣ። «እናቴ፣ ዱላውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ናጊሳ ባታስቆመው ኖሮ የሚወለደውን ልጅ በምን ዓይኔ አየው ነበር?» ይላል። ይህን ላንቺ እንዳልነገረሽ አውቃለሁ፤ አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ጥሩ ጥሩውን ነገር ለጎረቤት ነበር የሚናገረው። እኔ ነገርኩሽ።

ሰውየውን በውሻ መስዬ መጻፌ ቆጭቶኛል። በስሙ ጥሪው፤ እኔም ሩድራ እለዋለሁ።

ቶሎ ጻፊ። በካርድ አይደለም።

ሺጌኖ


ካትማንዱ፣ ጃንዋሪ 23

እናቴ፣

ካርዱን ስጽፍ ውጤቱ ገና አልመጣም ነበር፤ ከመጣ በኋላም የዘገየሁት ዜናው የኔ ስላልነበረ ነው። ያስጨነቅኩዎትን ይቅር ይበሉኝ። አሁን የዜናው ባለቤት ሩድራ ፈቅዶልኛል። «ለባልሽ እናት ጻፊላት። ሩቅ ናት፣ ፊቷን አላይም» አለኝ።

አገራችን የዓመቱ ማብቂያ ላይ ቤት እንደሚጸዳው ሁሉ፣ አቶ ኦኖዴራ «መናፈሻውንም እናጽዳ» ብለው ጠሩን። ማን ይመጣል ብዬ ነበር፤ ሁሉም መጣ። ወይዘሮ ሺራኢሺም ሽርጧን ታጥቃ መጣች፤ ወፍራም ጓንት አምጥታ እጄ ላይ አጠለቀችልኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። አሁን ደንቡ ተለውጧል። ምንም ነገር ከመነሣቱ በፊት ቺኒማያ በዚያ ጉሮሮዋ «ይሄ የማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ሰካራም ከተኛበት ቀና ብሎ፣ «ጠርሙሱ የኔ ነው። ቅጠሉም የኔ ነው። ውሻውም የኔ ነው። እናንተም የኔ ናችሁ!» አላት። «እሺ ጌታዬ፣ ንብረትህን ሰብስብና ተነሥ» አለችው። መናፈሻው በሳቅ ሞላ።

ሩድራ ፏፏቴው ጋ ቆሞ ያየን ነበር። ከንፈሩ ጠባሳ ይዟል። ቆይቶ ወደኔ መጣ።

«ለምን አስለቀቅሽኝ?»

«ከንፈርህ ይደማ ነበር።»

«ያ ሰውዬ ባልሽ ነው?»

«ነው።»

«ክፉ ሰው ነው?»

«አይደለም። ፈርቶ ነው።»

«እኔም ፈርቼ ነው» አለኝ። «የከለከልኩሽ ስለ ጆንያው ብቻ መሰለሽ? ማወቅ አልፈለግኩም። አብረውኝ የሚወጉት ሁለቱ ባለፈው ክረምት ሞተዋል።»

ከዚያ «ክሊኒኩ ዛሬ ይከፍታል?» አለ። እኔና ቺኒማያ ወዲያና ወዲህ ሆነን ሄድን። ካርዱን የጻፍኩልዎት በዚያ ቀን፣ እዚያው ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ነው። ውጤቱን ሳልጠብቅ ፖስታ ቤት ሮጥኩ፤ ደግ ነገር የመጣ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠራኝ። ዶክተር ሻራዳ ምንም አልነገረችኝም፤ የነገረኝ ራሱ ነው፣ ደረጃው ላይ ቆሞ።

«እትዬ፣ አለብኝ።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የማስታውሰው እሱ እኔን ሲያጽናና ነው። «አንቺ በጊዜው ክኒን ውጠሻል። ሐኪሟን ጠይቄልሻለሁ፤ ብዙ አትፍራላት ብላኛለች። አታልቅሺ፣ ለሆድሽ ጥሩ አይደለም» ይለኛል። የራሱን ሞት በሰማ በዚያው ደቂቃ ስለኔ ጠይቋል፤ እኔ ግን ዓይኑን እያየሁ የማስበው ስለ አውራ ጣቴ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ሳምንታት እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ? ኩኒሂኮ ከተራራው ፈቃድ ጠይቆ ወረደ። ሩዙን ያጥባል፣ ሻይ ያፈላል፣ ጎኔ ይቀመጣል። «መቀመጥ እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ» አለኝ አንድ ቀን። በቂዬ ነበር።

ትናንት ተጠራን። ዶክተር ሻራዳ ገና በሩን ስንከፍት ከወንበሯ ተነሥታ «ንጹሕ ነሽ!» አለችኝ፤ ቁጭ በሉ እንኳ አላለችም። ኩኒሂኮ ዞሮ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ አላለቀስኩም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሐኪሟም አብራኝ ተቀመጠች። እናቴ፣ ልጁ ደህና ነው። ይላሉ አይደለም፤ ደህና ነው።

ስንወጣ ሩድራ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የሕክምናውን ክኒን የሚጀምርበት ቀን ነበር። በምን ፊቴ እንደማየው ጨንቆኝ ቆምኩ። እሱ ቀድሞ፣

«እህስ?» አለኝ።

«ነጻ ነኝ።»

እጁን አጨበጨበ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር አለ። «ይኸው! ምን ብዬሽ ነበር?»

ኩኒሂኮ ሩድራ ፊት ቆመና እስከ ወገቡ ጎንበስ አለ። ቋንቋውን እንደ እኔ አልለመደውም፤ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣውን ቃል ደባለቀውና በታላቅ ድምፅ «ይቅርታ አደርግልሃለሁ!» አለው። «አድርግልኝ» ማለቱ ነበር። ነርሷ አፏን ያዘች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሩድራ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «እሺ፣ ተቀብያለሁ» አለው። «የኔንም ውሰድ።»

ወዲያው ነርሷ «ሩድራ!» ብላ ጠራች። ሊነሣ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አንቺ ስትገቢ ፈርተሽ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር።»

«እኔም» አለና ሸሚዙን አስተካክሎ ገባ።

ኩኒሂኮ መኪና ሊጠራ ወደ ውጭ ተራምዶ ነበር። ዞሮ ሲያየኝ እኔ ሩድራ የተነሣበት ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ። ተመልሶ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። እስኪወጣ ድረስ ጠበቅነው።

ናጊሳ